«ቀለማቸው በቀለሙ ይለያያል»፦ ፒግመንትን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ የሥዕል ማስተማሪያ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ለአራት የተለያዩ ቃላት «ቀለም» እያልኩ ሄጄ መጨረሻ ላይ ለራሴም ግራ ገባኝ። አንዱ ቦታ ላይ እንዲህ ሆኖ ወጣልኝ፦ «የሐይቅ ቀለምና ነጭ የእርሳስ ቀለም ከማጣበቂያ ጋር ይፈጫሉ፤ ቀለማቸው ግን በቀለሙ ይለያያል።» ፒግመንት ለሚባለው፣ ቀለም ለሚሠራበት ዱቄት፣ «ኅብረ ቀለም» ብል ያስኬዳል ወይስ እንዳለ ልተወው?

መልስ፦ ከቃሉ እንነሣ። የግሪኩ ካላሞስ ሸምበቆ ማለት ነው። ሸምበቆ ተቀርጾ መጻፊያ ስለሚሆን ዐረቦች ብዕርን «ቀለም» አሉት። እኛ ጋ ሲደርስ ስሙ ከመጻፊያው ወደሚጻፍበት ፈሳሽ ተሸጋገረ። የሚገርመው የግእዙ «ብርዕ»ም መነሻው ሸምበቆ፣ መቃ መሆኑ ነው፤ አማርኛ ሁለቱን ፊደላት አቀያይሮ «ብዕር» አለው እንጂ። ስለዚህ ብዕርና ቀለም ስንል ሁለቴ ሸምበቆ እያልን ነው።

ከዚያ ወዲህ «ቀለም» ያልገባበት የለም። ቀይም ቢጫም ቀለም ነው፤ ግድግዳ የሚቀባውም ቀለም ነው፤ ትምህርትም ቀለም ነው፣ የተማረው «ቀለም ቆጠረ»፣ ሊቁ «የቀለም ቀንድ» ይባላል። ግጥም ስንቆጥር ደግሞ የወል ቤት ስንኝ 12 ቀለም አለው እንላለን። ቅኔ ዘራፊ ይህን ቢያገኝ ኅብር ያወጣበታል። «50 ግራም ቀለም ጨምር» ተብሎ ለታዘዘ ተማሪ ግን የቃሉ ሀብት መከራው ነው፤ ዱቄቱን ነው ወይስ ከቱቦ የሚወጣውን የተዘጋጀ ቀለም ልመዝን?

ፒግመንት በተደባለቀበት ፈሳሽ ውስጥ የማይሟሟ ደቃቅ ዱቄት ነው። የሚሟሟው ሌላ ነው፤ ለእሱ የጨርቅና የክር ሠራተኞች «ማቅለሚያ» የሚል ጥሩ ቃል አላቸው። ልዩነቱን በብርጭቆ ማየት ይቻላል። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ያቅርቡ፤ በአንዱ ከሸክላ ቀይ አፈር፣ በሌላው ከክር ማቅለሚያ ቁንጥር ቁንጥር ጨምረው ያማስሉና አስቀምጡት። አፈሩ ቀስ እያለ ይዘቅጣል፣ ውሃው ከላይ ይጠራል። ማቅለሚያው ቢውል ቢያድርም አይዘቅጥም፤ በቡና ማጥለያ ወረቀት ቢያሳልፉት እንኳ ውሃው እንደቀላ ይወርዳል። የብራና ጽሑፍ ጥቁር ቀለም ዋና ነገሩ ጥላሸት ነው፤ ጥላሸት ካርቦን ስለሆነ ብርሃን አያደበዝዘውም። በተማሪ ብዕር የምንጽፍበት ፈሳሽ ግን አብዛኛው ማቅለሚያ ስለሆነ ፀሐይ ላይ ሲሰነብት ይለቃል።

«ኅብረ ቀለም» የሚለውን አልመክርም። ኅብር የብዙ ነገር መዋሐድን ያስታውሳል፤ አንባቢው በዐይነ ኅሊናው የሚያየው ብዙ ቀለማት ተሰባጥረው ነው እንጂ አንድ ጣሳ ቢጫ ዱቄት አይደለም። «የቀለም ዱቄት» ይበሉ። መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ «ፒግመንት፣ ማለትም የማይሟሟ የቀለም ዱቄት» ብለው አንዴ ያስተዋውቁት፤ ተማሪው ቱቦ ሲገዛ ቃሉን ያገኘዋልና።

ዓይን የሚያየው ለብቻው ሲነሣ ደግሞ «መልክ» የሚል ቃል በእጃችን አለ። የገጠር ሰው የላም ቀለም አይጠይቅም፣ «መልኳ ምንድን ነው?» ነው የሚለው። ይህ ቃል ቱቦ ላይ ያለውን አንድ ወጥመድ ይፈታል። ርካሽ ቱቦ ላይ «ካድሚየም የሎ ሂዩ» ተብሎ ይጻፋል። ብዙ ተርጓሚ ሂዩን ዘልሎ «ካድሚየም ቢጫ» ይለዋል። ትርጉሙ ግን «የካድሚየም ቢጫ መልክ ያለው» ነው፤ ውስጡ ካድሚየም የተባለው ብረት የለም። ማረጋገጫው በጎኑ የታተመው መለያ ነው፦ እውነተኛው ፒ ዋይ 35 ወይም ፒ ዋይ 37 ይላል። «ፒ» ፒግመንት፣ «ዋይ» ቢጫ ማለት ነው። አልትራማሪን የተባለው ሰማያዊ ፒ ቢ 29፣ የቲታኒየም ነጭ ፒ ደብሊው 6 ነው። «የቲታኒየም ነጭ» ያልኩትን ልብ ይበሉ። በአማርኛ የሚገለጸው ስም መጨረሻ ስለሚመጣ «ነጭ ቲታኒየም» ካሉ ነጭ የሆነ ብረት ማለትዎ ነው።

አሁን ወደ ዐረፍተ ነገርዎ። «የሐይቅ ቀለም» ስሕተት ነው። በእንግሊዝኛ ሐይቅም «ሌክ» ቢባል፣ ሌክ የሚባለው ፒግመንት ከውሃ አካል ጋር ዝምድና የለውም፤ ስሙ ላክ ከተባለው፣ ነፍሳት ከሚያወጡት ቀይ ሙጫ ነው የመጣው። ሌክ የሚሠራው የሚሟሟ ማቅለሚያ አሉም ከተባለው ጨው ጋር ተበጥብጦ፣ ሶዳ ሲጨመርበት አብሮ ዘቅጦ የማይሟሟ ዱቄት ሲሆን ነው። «ሌክ» ብለው ይተውት።

«ነጭ የእርሳስ ቀለም» ከዚያ ይብሳል። ተማሪው ነጭ የመጻፊያ እርሳስ ገዝቶ ይመጣል። የመጻፊያው እርሳስ ውስጡ ግራፋይት ነው፣ ጉዳት የለውም፤ ይሄኛው ግን ከእርሳስ ማዕድን የሚሠራ መርዛማ ዱቄት ነው። ስለዚህ «ማዕድን» የሚለው ቃል እዚህ መቅረት የለበትም።

«ማጣበቂያ» ሲባል ተማሪው የሚያስበው ኮላ ነው። ዱቄቱን የሚይዘው ነገር ግን በዘይት ቀለም የተልባ ዘይት፣ በውሃ ቀለም የግራር ሙጫ፣ ሌላ ቦታ የእንቁላል አስኳል ነው። ለሁሉም የሚሆን «ማያያዣ» ነው። የውሃ ቀለም ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ስሙን ይጥሩት፦ አንድ እጅ የግራር ሙጫ በሁለት እጅ ሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ ያድርና ይጠለል፤ ጥቂት ማር ይግባበት፤ ከዱቄቱ ጋር እኩል በእኩል ይጀመር። ሙጫው ካነሰ ቀለሙ ደርቆ በጣት ሲነካ ይረግፋል፤ ከበዛ ያብለጨልጭና ይሰነጣጠቃል። ዱቄቱ ጥላሸት ከሆነ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይርስም፤ መጀመሪያ በጥቂት አልኮል ይርጠብ።

በጣም የምከራከረው ስለ «ይፈጫሉ» ነው። ከሱቅ የሚመጣው ዱቄት ድሮ የተፈጨ ነው። በመስታወት ላይ በድንጋይ ወይም በመስታወት መዳመጫ የሚደረገው እያንዳንዱ ቅንጣት በማያያዣው እንዲርስና ጓሉ እንዲፈታ ማሸት ነው። «ፍጭ» የተባለ ተማሪ ኃይሉን ይጨምራል። አዙራይት የተባለው ሰማያዊ ድንጋይ ከልክ በላይ ከላመ መልኩ ይገረጣል፤ ጥልቅ ሰማያዊው የሚገኘው ቅንጣቱ ትልቅ ሲሆን ነው። በተሳሳተ ግስ ውድ ዱቄት ይበላሻል።

የመጨረሻዋ ሐረግዎ ግን፣ «በቀለሙ» ሲሉ በማያያዣው ማለትዎ ከሆነ፣ እውነት ይዛለች። ያው አንዱ ዱቄት በማያያዣው ምክንያት ሌላ መስሎ ይታያል፦ የጠመኔ ዱቄት በሙጫ ተለውሶ ሲደርቅ ነጭ ነው፣ በዘይት ሲታሽ ግን ነጭነቱ ጠፍቶ ግራጫማ ብርሃን አሳላፊ ይሆናል። ብርሃን በጠመኔውና በዘይቱ ውስጥ የሚታጠፍበት መጠን ስለሚቀራረብ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ቢጻፍስ፦ «ሌክም ሆነ ከእርሳስ ማዕድን የሚሠራው ነጭ ዱቄት ከማያያዣ ጋር ይታሻሉ፤ መልካቸው ግን እንደ ማያያዣው ዓይነት ይለያያል። ነጩ ዱቄት መርዛማ ስለሆነ ሳይረጥብ አይነካካ።»