ብራና ላይ ኮንትሮል ዜድ የለም፦ የዲዛይነሮች ጥያቄና መልስ

ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው "አፕ ከመሥራቴ በፊት ብራና ፍቄአለሁ" ብዬ በአንድ መስመር ጽፌ ጥያቄው ስለበዛ፣ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልመልስ። ጎንደር ነው የምኖረው። ሥራዬ የአፕና የድረ ገጽ ዲዛይን ነው። አጎቴ ቁም ጸሐፊ ናቸው፣ ብራና ላይ በእጃቸው መጽሐፍ የሚጽፉ፤ ሁለት ክረምት አጠገባቸው ሆኜ ሠርቻለሁ። ሊቅ አይደለሁም፣ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ጥያቄ፦ ፊግማ (የዲዛይን ፕሮግራም) ላይ ለሚውል ሰው የፍየል ቆዳ ምን ያስተምረዋል? እውነቱን ለመናገር የቱሪስት ወሬ ይመስለኛል።

መልስ፦ እኔም እንደዚያው ነበር የመሰለኝ። አጎቴ ጋ የሄድኩት ፊደል ልጽፍ ነው። ብዕር ሳልጨብጥ ሳምንታት አለፉ። ቆዳው ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ እንጨት ላይ በገመድ ይወጠራል፣ ሥጋና ስቡ ይፋቃል፣ ፀጉሩ ይነሳል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይፋቃል። እጅህ ትንሽ ከከበደ ይበሳል። ያቺን ቀዳዳ ወይ ትሰፋታለህ ወይ ዙሪያዋን ትጽፋለህ፤ መቼም ከመጽሐፉ አትወጣም።

ከዚያ መስመር ይሰመራል፣ ግን ያለ ቀለም። ዳርና ዳሩ በወስፌ ይወጋና ከነጥብ ወደ ነጥብ በወስፌው ጫፍ ይጫራል። ገጹን ወደ ብርሃን ካላዘነበልከው አታየውም፣ ፊደሉ ሁሉ ግን እሱን ይዞ ነው የሚሄደው። እንግዲህ ይኼ እኛ ግሪድ የምንለው፣ ነገሮችን የምናሰልፍበት ረዳት መስመር ነው። እኛ ግሪዱን የምናበራው መጨረሻ ላይ፣ ነገሩ ሲዝረከረክብን ነው። እኔ አሁን ጽሑፉ ስንት ቃል እንደሆነ ሳልጠይቅ ፍሬም (የዲዛይኑን ባዶ ገጽ) አልከፍትም። "ገብረእግዚአብሔር" የሚለው ስም ሳጥኑ ውስጥ ካልገባ ሥራው አላለቀም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጸሐፊዎቹ ሲሳሳቱ ምን ያደርጋሉ?

መልስ፦ ኮንትሮል ዜድ፣ ያ ኮምፒውተር ላይ ስሕተትን የሚመልሰው ትእዛዝ፣ የላቸውም፤ በቢላዋ ይፍቃሉ። ቃል ከዘለሉ በመስመሮቹ መሃል በደቂቅ ፊደል ያስገባሉ፣ ወይም ኅዳጉ ላይ ይጽፉታል። ግን ፍቅፋቂው ያስታውቃል። አንድ ቦታ ሁለት ሦስቴ ከፋቅህ ቆዳው ይሳሳል። አጎቴ አንድ ቃል ከመጻፋቸው በፊት በአፋቸው ሲሉት እሰማ ነበር፤ መጀመሪያ ጸሎት መስሎኝ ነበር እኮ፣ ለካ ቃሉን እየለኩት ነው፣ መስመሩ ላይ ይበቃል አይበቃም እያሉ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ አንዲት የስክሪን ቁልፍ አርባ ቦታ አዛውሬ መጀመሪያ የነበረችበት የምመልስ ሰው ነበርኩ።

ጥያቄ፦ የአማርኛ አፕ እየሠራሁ ነው። ርዕሱና ጽሑፉ አልለይ እያለ አስቸገረኝ። እንግሊዝኛው ላይ በትልልቅ ፊደላት ጽፌ እገላገላለሁ። እዚህስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይኼን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ዘመም አድርገሽ ብታጣምሚውም ያስጠላል፣ ያ የላቲን ልማድ ነው። የብራና ጸሐፊዎች ግን ይኼን ችግር ድሮ ፈትተውታል። የምዕራፉ መጀመሪያ መስመሮች በቀይ ይጻፋሉ። የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በጥቁሩ መሃል በቀይ ይመጣል። ትልቅ ክፍል ሲጀመር ደግሞ ከላይ ሐረግ ይሳላል፣ ያ የተጠላለፈው ጌጥ። ማለትም ቀለም፣ ቦታ፣ ጌጥ። ሦስት መሣሪያ ናቸው፣ ሦስቱንም ቆጥበው ነው የሚጠቀሙት። ገጹ በሙሉ ቀይ ቢሆን ቀዩ ምን ይሠራል? አንቺም አንድ የትኩረት ቀለም ምረጪ፣ ከርዕሱ በላይ ሰፋ ያለ ቦታ ተዪ፣ ደማቁን ፊደል ለርዕስ ብቻ አስቀሪው።

ሌላም ልጨምር። የእንግሊዝኛውን የፊደል መጠን እንዳለ አትውሰጂ። ቡ እና ቢ ጎን ለጎን ጻፊና አሳንሺያቸው። የቡ ቅጥያ ወገቧ ላይ ነው፣ የቢ እግሯ ላይ። ሲያንሱ ይመሳሰላሉ፣ እናትሽ መነጽራቸውን ፍለጋ ይነሳሉ። የኛ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ ደንብ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ የፎንት ችግር የለም፣ ችግሩ የኛ ችኮላ ነው።

ጥያቄ፦ ቀለም መምረጥ አልችልበትም። ምክር?

መልስ፦ እዚህ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብተህ ቀና በል። ጣሪያውን የሞሉት የመላእክት ፊቶች ናቸው፣ በጥቂት ቀለም የተሠሩ። ሁሉም አንድ ይመስላሉ፣ ቀስ ብለህ ስታይ ግን አንዱ ከሌላው ትንሽ ይለያል፤ በእጅ ነዋ የተሳሉት። የጎንደር ሥዕል ሁለት ወቅት አለው ይባላል። የመጀመሪያው ደማቅ፣ ጀርባው ባዶ፣ ጥላ የሌለው ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ጊዜ፣ ፊቱና ልብሱ ጥላ እያገኘ፣ ጀርባውም ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ እየተዋሐደ መጣ። "ግራዲየንት (አንዱ ቀለም ቀስ በቀስ ወደ ሌላው ሲዋሐድ) አዲስ ነገር ነው" ለሚሉኝ ልጆች ይኼን ነው የምነግራቸው።

ደግሞ ዓይኖቹን ልብ በል። ቅዱሳኑ ፊታቸውን ወደኛ አዙረው በሁለት ዓይን ያዩናል። ክፉዎቹ በጎን ይሳሉና አንድ ዓይን ብቻ ይታያል። ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። እኛ አንድ ምልክት በአንዱ ገጽ "ሰርዝ"፣ በሌላው "ዝጋ" እናደርግና ተጠቃሚው ግራ ሲገባው "ሰው አይገባውም" እንላለን።

ጥያቄ፦ አይከን (የአፕ ትንንሽ ምልክት) ነው የምሠራው። ከብራና ጋር ምን አገናኘኝ?

መልስ፦ አንተ ሸማኔ ጋ ሂድ። ጥለት የሚወጣው ድር እየተቆጠረ ነው። ክብ የለም፤ ክብ የሚመስለው ደረጃ በደረጃ የተሠራ ነው። 16 በ16 ፒክሰል (የስክሪን ነጥብ) ላይ የምትሠራውም እኮ ያው ነው። ሞሰብ የምትሰፋ ሴት ካገኘህ ደግሞ አጠገቧ ተቀመጥ። ከመሃል ነው የምትነሳው። ዙሩ በሰፋ ቁጥር አለላው ስንት ስፌት እንደሚፈልግ በአእምሮዋ ታሰላለች፣ ጌጡ ዳር ሲደርስ እንዲገጥም። ስክሪን ሲሰፋ ዲዛይናችን የሚበታተነው ይኼን ሒሳብ ስለማንሠራ ነው።

ጥያቄ፦ አይ ወንድሜ፣ እነሱ ጊዜ ነበራቸው። እኔን ደንበኛ "ለነገ" ነው የሚለኝ።

መልስ፦ ልክ ነህ። አጎቴን ማንም "ለነገ" አይላቸውም፣ ቢላቸውም አይሰሙም። ግን አንዴ "ለነገ" የተባልኩትን ሥራ በማይረባ መሙያ ጽሑፍ ሠርቼ አስረከብኩ። እውነተኛው የአማርኛ ጽሑፍ ሲመጣ ቁልፎቹ ሁሉ ፈረሱ። አራት ቀን ደግሜ ሠራሁ፣ ያለ ክፍያ። መጀመሪያ ግማሽ ቀን ጽሑፉን ብጠብቅ ኖሮ ይበቃኝ ነበር። ሁሉንም እንደ ብራና ሥራ አላልኩም። ሙከራው ፈጣን ይሁን፣ ወረቀት ላይ ሞነጫጭረው። ቆዳው ሲወጠር፣ ማለትም ዋናው ሥራ ሲጀመር ብቻ ቀስ በል።

ጥያቄ፦ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) እያለ ይኼ ሁሉ ልፋት ለምን?

መልስ፦ ኤአይ አርባ አማራጭ ይሰጥሃል። ከአርባው የትኛው ልክ እንደሆነ የምታውቀው ግን እጅህ ሲለምድ ነው። አለቀ።

ጥያቄ፦ እኔ መጀመር እፈልጋለሁ። ምን ልግዛ?

መልስ፦ ምንም አትግዛ። ደረቅ መቃ ፈልግ፣ ጫፉን በቢላዋ ሰያፍ ቁረጠው፣ መሃሉን ትንሽ ሰንጥቀው። ቀለሙ ከሱቅ ቢሆን ግድ የለም፤ የአጎቴ ጥቁር ከጥላሸት ተሠርቶ ወራት የሚቆይ ነው፣ አንተ ያን ያህል አትታገስም። ወረቀት ላይ "ሀ"ን ብቻ አንድ ገጽ ሙላ። መቃውን ሳታዞር። ወፍራሙና ቀጭኑ ከየት እንደሚመጣ እጅህ ይነግርሃል። ነጭ ልብስ ግን አትልበስ፣ ቀለሙ አይለቅም። የእኔ ጋቢ ምስክር ነው።