አወዳድሩ ወይስ አነጻጽሩ?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የሳይንስ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ «የቀይ ባሕሩን ጨረር ዓሣና ኩይሳ ላይ የሚበቅለውን እንጉዳይ አወዳድሩ» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ «አነጻጽሩ ነው የሚባለው» አለኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ባልደረባዎ ናቸው። በዚህ ቃል ስንት ጊዜ ተሟግቻለሁ!

የአነጻጸረ ሥሩ የግዕዙ ነጸረ ነው፤ አየ፣ ተመለከተ ማለት ነው። መነጽር የዚሁ ልጅ ነው፤ አንጻርም እንዲሁ። አነጻጸረ ሲባል ሁለት ነገሮችን ፊት ለፊት አቁሞ ማየት ነው። ዋሸራ ወይም ዲማ ቅኔ የቆጠረ ጎጃሜ ይህ አይጠፋውም። ሰምና ወርቅ ጎን ለጎን ይታያሉ እንጂ ማን በለጠ አይባልም። ውድድር ግን አሸናፊ ይፈልጋል። ዓሣና እንጉዳይ በምን ይሽቀዳደማሉ?

«ሁለቱም አንድ ናቸው» የሚሉ አሉ። ማስረጃቸው ቀላል አይደለም። ወደር አቻ ማለት ነው፤ «ወደር የለሽ» እንል የለ? ስለዚህ አወዳደረም አቻነትን መለካት ነው ይላሉ። እሺ፣ ይሁን። ለእኔ ጆሮ ግን አሁንም ሩጫ ነው። የፈተና ወረቀቱም ጋዜጣውም «አወዳድር» ማለት ከጀመረ ቆይቷል፤ ተማሪ በዚህ ነጥብ ይቀነስበት አልልም።

ይበልጥ ያሳሰበኝ «ጨረር ዓሣ» ነው፤ በእንግሊዝኛ ሬይ የሚባለውን ጠፍጣፋ ዓሣ ማለትዎ ነው። ዓሣው ከጨረር ጋር ምንም የለውም። እንግሊዝኛው ሬይ ሁለት የተለያየ ቃል ነው። የብርሃኑ የመጣው ከላቲኑ ራዲዩስ ነው፤ የዓሣው ግን ከላቲኑ ራያ፣ እሱም ያኔውኑ የዓሣው ስም ነበር። ድምፃቸው ስለገጠመ ብቻ ተርጓሚው ተሳሳተ። የእኛ ገበሬ ስም የሚያወጣው ላየው ነው፤ እንጉዳይን «የጅብ ጥላ» ያለው ቅርጹን አይቶ ነው። ጣና ላይ አምባዛና ቆረሶ እንጂ ሬይ የለም፤ ላላየው ዓሣ ስም አላወጣለትም። «ሬይ ዓሣ» ይበሉት፣ ይበቃል።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ሬይ በሆዱ በኩል አምስት ጥንድ የመተንፈሻ ስንጥቆች አሉት። እንጉዳዩም ከባርኔጣው ሥር ዘሩን የሚያፈራባቸው ስስ ንጣፎች አሉት። እንግሊዝኛ ሁለቱንም «ጊል» ይላቸዋል። በአማርኛ አንድ ስም ከሰጠናቸው ልጆቹ እንጉዳይም በዚያ ይተነፍሳል ይሉናል።

እኔ ብሆን ጥያቄውን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «የሬይ ዓሣንና የኩይሳ እንጉዳይን የታችኛውን ገጽ አነጻጽሩ፤ እያንዳንዱ ምን ይሠራል?»