መልስ፦ ዘጌ ለመኖርም ለመሳለምም

እህቴ፣ ለሥራ ዘጌ እንደተመደብሽና እናትሽም ገዳማቱን ለመሳለም ሊመጡ እንዳሰቡ ጽፈሽ ኑሮው እንዴት ነው ብለሻል። እሰይ፣ ጥሩ ቦታ ደርሶሻል! ጣና ዳር እንደ ዘጌ የሚያምር አገር ጥቂት ነው።

ዘጌ ግን እንደ ሌላው ጎጃም ጤፍ የሚታረስበት አገር አይደለም። በገዳማቱ ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ሆኖ ኖሯል። ጫካው እስከ ውኃው ዳር የዘለቀውም ለዚህ ነው። የዘጌን ገዳም የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይላሉ አባቶች። ኑሮው ዛሬም በነዚሁ ነው። ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ በለቀማ ወራት ቀዩ ፍሬ በየደጁ ተሰጥቶ ታያለሽ። እህል ከውጭ ስለሚገባ አስቤዛሽን አፋፍ ገበያ ወጥተሽ ትሸምቻለሽ።

አጎበር ሳትይዢ እንዳትሄጂ። የሐይቅ ዳር ወባ ቀልድ አያውቅም።

እናትሽን ከባሕር ዳር በጀልባ በጠዋት አምጫቸው። መንገዱ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ያስቸግራል። መጀመሪያ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ውሰጃቸው፤ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ስለሆነ አትቸኩሉ። ከጀልባው ወርዶ ሽቅብ የእግር መንገድ አለ፣ ምርኩዝ ይያዙ። ደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ግን ሴት አይገባም፤ ቅር እንዳይላቸው አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ከመነሣታቸው በፊትም የመንገዱን ሰላም አጣሪ።