በጆርጂያ አቬኑ ስለተቆጠሩ ቁጥሮች፦ በሂሳብ ሥራ ለምትጀምሩ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

በዋሽንግተን ዲሲ ዘጠነኛ ጎዳና ከሚገኙት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወጥታችሁ ወደ ሰሜን ጥቂት ብትራመዱ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን ታገኛላችሁ። ሆስፒታሉ በቆመበት ቦታ ላይ እስከ 1965 ድረስ ግሪፊዝ ስታዲየም የሚባል የቤዝቦል ሜዳ እንደነበረ የሚያውቅ ሐበሻ ግን ብዙ አይደለም። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እኔ ቤዝቦልን የተማርኩት፣ ወደ ሂሳብ ሙያ ሳልገባ፣ በመኪና ማቆሚያ ጎጆ ውስጥ በሌሊት ተራ ራዲዮ እየሰማሁ ነው። ዋሽንግተን ያን ጊዜ የራሷ ቡድን ስላልነበራት የማዳምጠው የባልቲሞርን ጨዋታ ነበር። ከጨዋታው ይልቅ የሳበኝ ግን አስተላላፊው በየደቂቃው የሚጠራው ቁጥር ነው።

ከዚያ ሜዳ ታሪክ ውስጥ ልትጠኑ የሚገባችሁ የመጀመሪያው ሰው ዋልተር ጆንሰን ነው። ለዋሽንግተኑ ሴናተርስ ቡድን ከ1907 እስከ 1927 ኳስ ወርዋሪ፣ ማለትም ፒቸር፣ ሆኖ 417 ጨዋታ አሸነፈ፤ በ110 ጨዋታ ደግሞ ተጋጣሚው አንዲት ነጥብ እንኳ ሳያገኝ ጨረሰ። በዚህ በሁለተኛው ክብረ ወሰን እስከ ዛሬ የደረሰበት የለም። አሁን የ1909 ዓ.ም. ውጤቱን ብቻ ነጥላችሁ ተመልከቱ፦ 13 አሸነፈ፣ 25 ተሸነፈ። ይህን መስመር ብቻ ያየ አለቃ ሰውየውን በማግስቱ ያሰናብተው ነበር። ነገር ግን የሜዳ ተጫዋቾች ስህተት ያመጣው ተቀንሶ ተጋጣሚ በእርሱ ላይ ያስቆጠረው ነጥብ በ9 ኢኒንግ (የአንድ ሙሉ ጨዋታ ዘጠኝ ዙር) ሲሰላ 2.22 ነበር፤ የሙሉ ዘመኑ አማካይ ደግሞ 2.17 ነው። ሰውየው ያው ሰው ነው፤ የተበላሸው በዚያ ዓመት 42 ጊዜ ብቻ አሸንፎ 110 ጊዜ የተሸነፈው ቡድኑ ነው። በእርግጥ በዚያ ዘመን ነጥብ ማስቆጠር ለሁሉም ከባድ ስለነበር 2.22 ዛሬ የሚመስለንን ያህል ድንቅ አይደለም፤ ይሁን እንጂ 25 ጊዜ መሸነፍ የሚገባው ወርዋሪ ቁጥርም አይደለም። ጆንሰን በዘመኑ ሁሉ አንድ ለባዶ ብቻ 26 ጊዜ ተሸንፏል። «ድል» የሚለው ዓምድ በወርዋሪው ስም ይጻፍ እንጂ የሚለካው ከጀርባው የቆሙትን ስምንት ሰዎችና የመቺዎቹን ክንድ ጭምር ነው።

ይህን የምጽፍላችሁ ከጥፋቴ ተምሬ ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ በተቀጠርኩበት አንድ መሥሪያ ቤት የገንዘብ ተቀባዮችን ወርኃዊ ገቢ በሰንጠረዥ እንዳቀርብ ታዘዝኩ። ከሁሉ በታች የሆነ አንድ የአገሬ ሰው ነበር። ሰንጠረዡን አሳምሬ፣ ስሙን ከመጨረሻው መስመር ላይ አስቀምጬ አስረከብኩ፤ የሥራ ሰዓቱም በግማሽ ተቀነሰበት። እርሱ ከሚሠራበት ቦታ አንደኛው መግቢያ ለመንገድ ጥገና ተዘግቶ እንደከረመ የሰማሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ድምሩ አንድ ሳንቲም አልተሳሳተም ነበር፤ ሰውየውን ግን የጎዳሁት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ የተረጋገጠ የሚባል ቁጥርም መዝጋቢ ያለው መሆኑ ነው። ጆንሰን በ1913 ዓ.ም. 36 አሸንፎ 7 ብቻ ተሸነፈ፤ የነጥብ አማካዩም ለብዙ አሥርት ዓመታት 1.09 ተብሎ ታተመ። ዛሬ በመዝገቡ የምታገኙት 1.14 ነው። ልዩነቱ የመጣው ከወቅቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ውጤቱ ምንም የማይለውጥ ስለነበር ቡድኑ ጨዋታውን ቀልድ አደረገው፤ ጆንሰንም በሜዳው መሐል ተሰልፎ ቆይቶ ወደ መወርወሪያው መጣና ለሁለት መቺዎች ለስላሳ ኳስ ወርውሮላቸው ተመለሰ። ሁለቱም ዞረው ነጥብ ሆኑ። የዕለቱ መዝጋቢ ቀልድ ነው ብሎ ተዋቸው፤ ኋላ የመጡት ግን ጨዋታ ጨዋታ ነው ብለው ቆጠሯቸው። በዚህም የተነሣ በ1968 የሴንት ሉዊሱ ቦብ ጊብሰን ያስመዘገበው 1.12 ከጆንሰን በላጭ ሆነ። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን መዝጋቢ እደግፍ ነበር፤ የሙያ ባልደረቦቼ ግን በዚህ አይስማሙኝም።

ከሁሉ የሚከብደው የጥቁሩ መቺ የጆሽ ጊብሰን ጉዳይ ነው። ጥቁሮች በነጮቹ ሊግ እንዳይጫወቱ በተከለከሉበት ዘመን ጊብሰን የተሰለፈለት፣ ሆምስቴድ ግሬይስ የተባለው የጥቁሮች ቡድን ከ1940 ጀምሮ ይህንኑ የግሪፊዝ ሜዳ እየተከራየ ይጫወት ነበር፤ በ1943፣ በ1944 እና በ1948 የጥቁሮች ሊግ የዓለም ዋንጫንም ወስዷል። የሴናተርስ ባለቤት ኪራዩን ተቀበለ፤ ጊብሰንን ግን አላስፈረመም፤ ቡድኑ ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው በ1954 ነው። ጊብሰን ጥር 20 ቀን 1947 በ35 ዓመቱ አረፈ፤ ጥቁሩ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን ያንን የክልከላ ግድግዳ ጥሶ ለብሩክሊን የተሰለፈው ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 15 ነበር።

በኩፐርስታውን የቤዝቦል የዝና አዳራሽ በተሰቀለለት ሰሌዳ ላይ ጊብሰን 800 ገደማ ሆም ራን (መቺው ማዕዘኖቹን ሁሉ ዞሮ ነጥብ የሚያገኝበት ምት) እንደመታ ተጽፏል። በሊጉ ይፋዊ መዝገብ ደግሞ ሆም ራኑ 200 አይሞላም። ወጣቶች ይህን ሲያዩ አንዱ ውሸት ነው ብለው ይፈርዳሉ። የጥቁሮች ቡድኖች የሊግ ጨዋታቸው ጥቂት ስለነበር ለመኖር ሲሉ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ካገኙት ቡድን ሁሉ ጋር ይጫወቱ ነበር፤ ታናሹ ቁጥር የሊግ ጨዋታን ብቻ ይይዛል፣ ታላቁ የመንገዱንም ጭምር ለመያዝ የሞከረ ግምት ነው። አንዱን ቁጥር ከሌላው አጠገብ ስታስቀምጡ የየትኛው ቆጠራ እንደሆነ በግርጌው ጻፉ።

በግንቦት 2024 የአሜሪካ ዋናው ሊግ ከ1920 እስከ 1948 የነበሩትን የጥቁሮች ሊጎች ውጤት ከራሱ መዝገብ ጋር ሲያዋህድ፣ ጊብሰን በ0.372 የመምታት አማካይ እስከዚያ አንደኛ የነበረውን የነጮቹን ሊግ ተጫዋች የታይ ኮብን 0.367 አልፎ የምንጊዜውም አንደኛ ሆነ። ይህ ማለት ከ1000 የመምታት ዕድል በ372ቱ ኳሱን በሚገባ መትቶ አንደኛው ማዕዘን ደርሷል ማለት ነው። የኮብ ወዳጆች የጊብሰን ዕድሎች ቁጥር በጣም ያነሰ ነው ብለው ይከራከራሉ፤ ክርክራቸው ከሂሳብ አንጻር ተገቢ ነው፤ ያሳነሰው ማን እንደሆነ ግን አብረው ቢናገሩ ደስ ይለኝ ነበር።

ይህ መዝገብ ደግሞ ገና አልተዘጋም። ከጥቁሮቹ ሊጎች ጨዋታ ሩብ ያህሉ ውጤት እስከ ውህደቱ ድረስ አልተገኘም ነበር። ፈላጊዎቹ አሁንም የዚያን ዘመን የጥቁሮች ጋዜጣ በማይክሮፊልም እያገላበጡ፣ የደበዘዘ የውጤት ሰንጠረዥ ባገኙ ቁጥር ስም በስም ይመዘግባሉ፤ 0.372 የሚለውም ከአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታ የተነሣ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል።