ወገቡ ሲገባ ዳሌው እምቢ ይላል፦ የልብስ ልክ ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ልብስ ልክ ጠይቁኝ ካልኩ ወዲህ ከመጡልኝ ጥያቄዎች ግማሾቹ ጥያቄ አይደሉም፤ እሮሮ ናቸው። አልፈርድባችሁም። እኔም አንድ ቀን መሞከሪያ ክፍል ውስጥ የቀሚስ ዚፕ ጀርባዬ ላይ እንቅ ብሎብኝ፣ ሁለት እጄን እንደሰቀልኩ ሻጯን "እባክሽ ድረሺልኝ" ብዬ የተጣራሁ ሰው ነኝ። መጣች። ከላይ እስከ ታች አየችኝና "አንቺ ትንሽ ዳሌሽ ሰፋ ይላል" አለችኝ። ዳሌዬንማ ከእሷ በፊት አውቀዋለሁ። በሉ ወደ ጥያቄዎቹ።

ሱሪ ስገዛ ዳሌዬ ላይ ልክክ ካለ ወገቡ ሁለት እጅ ያስገባል። ወገቤ ላይ ልክ የሆነው ደግሞ ከጭኔ አያልፍም። ችግሩ ሰውነቴ ነው ወይስ ሱሪው?

ሱሪው ነው። ከሁሉም በላይ የበዛው ይህ ጥያቄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ፋብሪካ ልብስ የሚጀምረው በአንዲት ሴት ልክ ነው። መካከለኛ ቁጥር የሚሆናት ሞዴል ትቀጠራለች፤ ልብሱ እሷ ላይ ይስተካከላል። ሌሎቹ ቁጥሮች ከዚያ በስሌት ይወጣሉ። ወገቡ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲጨመር ዳሌውም በዚያው መጠን ይጨመራል። ስለዚህ በየትኛውም ቁጥር ላይ በወገብና በዳሌ መካከል ያለው ልዩነት የዚያችው ሴት ልዩነት ነው። የእሷ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ያንቺ 35 ከሆነ፣ ያነሳሽው ሱሪ ሁሉ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይዞ ይመጣል። ብትወፍሪም፣ ብትከሺም።

ሁልጊዜ ለሰፊው ቦታሽ ግዢ፤ ጠባቡን አስጠብቢ። ማጥበብ ይቻላል። ማስፋት ግን ስፌቱ ውስጥ የተረፈ ጨርቅ ይፈልጋል፤ ፋብሪካ ደግሞ ጨርቅ ማትረፍ አይወድም።

ጂንስ ከሆነ ጀርባውን አዙረሽ እዪ። ከመታጠቂያው በታች፣ ከኪሶቹ በላይ፣ መሀል ላይ ወደ ታች የሚሾል ቁራጭ ጨርቅ አለ። ሹልነቱ በጨመረ ቁጥር ለመቀመጫ የተተወው ቦታ ይጨምራል። መስመሩ ቀጥ ካለ መልሰሽ ስቀዪው። መታጠቂያውንም ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርጊው። እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለው ወገብሽ ላይ አፉን ይከፍታል፤ እንደ ግማሽ ጨረቃ ጎበጥ ያለው ይይዛል።

ልብስ ሰፊ ጋ ስትሄጂ ደግሞ "ግራና ቀኙን ያዝልኝ" አትበዪ። መሀል ጀርባው ተፈትቶ ከመታጠቂያው ወደ መቀመጫው ይጥበብ። ከ4 ወይም ከ5 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ግን የኋላ ኪሶቹ ተጠጋግተው መሀል ላይ ይፋጠጣሉ። ክፍተቱ ከዚያ ከበለጠ ሌላ ቅድ ፈልጊ። ስትለኪ ቁጭ ብለሽም ሞክሪው። ቆመሽ ልክ የነበረው፣ ቁጭ ስትዪ ሆድሽን ሊቆርጠው ይችላል።

አንዱ ቤት 38 ነኝ፣ ሌላው ቤት 42። ኦንላይን "ኤም" ብዬ ያዘዝኩት ጭራሽ አልገባም አለ። እውነተኛው ቁጥሬ ስንት ነው?

ቁጥር የለሽም። የፈረንሳይ 38፣ የጣሊያን 42፣ የጀርመን 36 እና የእንግሊዝ 10 በግምት ያው አንድ ልክ ናቸው። ይሄ እንኳን የአገር ልዩነት ነው ተብሎ ይታለፋል። የሚያናድደው በአንድ አገር፣ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ሁለት ሱቆች አለመስማማታቸው ነው።

አንድ ለማድረግ ተሞክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 እና 1940 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን አስለካ፤ የእያንዳንዷን 59 ዓይነት ልክ። (ግብርናና ቀሚስ ምን አገናኛቸው አትበሉኝ፤ የቤት ኢኮኖሚክስ ቢሮው እዚያ ሥር ነበር።) ስሌቱ ውስጥ የገቡት ግን ነጮቹ ብቻ ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ በ1958 የልብስ ቁጥር መለኪያ ወጣ። የፈለገ የሚከተለው፣ ያልፈለገ የሚተወው ነበር፤ በ1983 እሱም ቀረ። አሁን ሁሉም የመሰለውን ይጽፋል። ደንበኛዋ ደስ ይበላት ብለው ሰፊውን ልብስ ትንሽ ቁጥር የሚለጥፉበትም አሉ።

እኔ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አራት የተለያየ ቁጥር አለኝ። አራቱም ልኬ ናቸው። አንቺም ደረትሽን፣ ወገብሽንና ዳሌሽን በሴንቲ ሜትር ለክተሽ ስልክሽ ላይ ጻፊው። ዳሌ የሚለካው መቀመጫሽ በጣም በወጣበት ዙሪያ ነው እንጂ ከሆድሽ ሥር አይደለም። ስታዢ "ኤሙን" ትተሽ የሱቁን የልክ ሰንጠረዥ እዪ።

ሸሚዝ ስለብስ ደረቴ ላይ በቁልፎቹ መሀል ይከፈታል። ሰፋ ያለ ስገዛ ደግሞ ትከሻው ክንዴ ላይ ይወርዳል።

አብዛኛው ቅድ የሚወጣው በጡት መያዣ ልክ "ቢ" ለሆነ ጡት ነው። ከዚያ በላይ ከሆንሽ ጨርቅ ያነሰሽ ፊት ለፊት ብቻ ነው። ቁጥር ስትጨምሪ ግን አንገቱም፣ ትከሻውም፣ እጅጌውም አብረው ይሰፋሉ። ፊቱ አንድ ወጥ ጨርቅ ያልሆነ ሸሚዝ ፈልጊ። ከትከሻ ወይም ከብብት ተነሥቶ ጡት ላይ አልፎ ወደ ወገብ የሚወርድ ስፌት ካለው፣ ቦታ ተትቶልሻል ማለት ነው። ደግሞ አንዱ ቁልፍ በጡትሽ ጫፍ ትክክል መዋሉን እዪ። ከላይና ከታች ከዋለ መሀሉ መከፈቱ አይቀርም። ያለሽን ሸሚዝ መጣል ከሌለብሽ በሁለቱ ቁልፎች መሀል ከውስጥ ትንሽ ስውር መያዣ አሰፊ።

መርፌ ቁልፍ ግን ይቅርብሽ። እኔ ለዓመታት በሱ ስይዝ ኖሬ፣ አንድ ቀን ስብሰባ መሀል ተፈትቶ ወግቶኛል።

ከኤክስ ኤል በላይ ያለ ልብስ ሁሉ ለምን ድንኳን ይሆናል?

በስንፍና። ትንሹን ቅድ በየአቅጣጫው ይለጥጡታል። ሰው ሲወፍር የትከሻው አጥንት አይረዝምም፤ የሚጨምረው ሆድ፣ ደረትና ክንድ ነው። ለዚህ ነው አንገቱ እየተንሸራተተ ክንዱ የሚያንቀው። ሥራቸውን የሚያውቁት ሌላ ሞዴል ቀጥረው ከአዲስ ቅድ ይጀምራሉ። መለያው ትከሻው ነው። ስፌቱ አጥንትሽ ጫፍ ላይ ካረፈ ሌላው ይስተካከላል። ትከሻ ማስተካከል ማለት እጅጌውን ፈትቶ እንደገና መግጠም ነው፤ ልብስ ሰፊም አይወደውም። ሰፊ ልብስ ይደብቃል የሚሉሽንም አትስሚ። ከደረት ላይ ቀጥ ብሎ የወረደ ጨርቅ ወገብሽንም የደረትሽን ያህል ያደርገዋል።

ቁመቴ 1 ሜትር ከ54 ነው። ሱሪ ሁሉ አሳጥራለሁ፤ ግን አሁንም አያምርም።

ልብሱ የተቆረጠው ጉልበትሽ የት እንዳለ ተገምቶ ነው። ከጉልበት በታች የሚሰፋ ሱሪ አንቺ ላይ መስፋት የሚጀምረው ባትሽ መሀል ነው። ከታች ስታስቆርጪው የሰፋው ክፍል ራሱ ይሄዳል። ቀጥ ያለውን ውሰጂ። "ፔቲት" የሚል ካየሽ ደግሞ የቀጭን ነው ብለሽ አትለፊው። በተለምዶ ከ1 ሜትር ከ63 በታች ላለች ሴት የተሠራ ማለት ነው፤ ወፍራምም ብትሆን።

ልጄ፣ ስልሳን አልፌአለሁ። ቀሚሴ ሁሉ ከፊት ይረዝማል፣ ከኋላ ያጥራል። ምን ይሻለኛል?

እናቴ፣ ጀርባ ትንሽ ጎበጥ ሲል ጨርቁን ወደ ላይ ይስበዋል። ቀሚሱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ቢለካ እኩል ነው፤ ስለዚህ ልብስ ሰፊው ተሳስተዋል ቢልዎት አይስሙት። ለብሰውት፣ የሚያዘወትሩትን ጫማ አድርገው ይቁሙ። ከወለሉ ወደ ላይ ዙሪያውን እኩል ይለካና የፊቱ ትርፍ ይታጠፍ። ሲገዙ ከኋላ የሚያጥረውን አስበው ረዘም ያለውን ይምረጡ።

ጡት መያዣዬ ከኋላ ወደ ላይ ይሳባል። ማንጠልጠያውን ባሳጥረውም ለውጥ የለም።

ዙሪያው፣ ማለትም ከጡትሽ ሥር ጀርባሽን የሚዞረው ማሰሪያ፣ ሰፍቶሻል። ክብደቱን በዋናነት መሸከም ያለበት ዙሪያው ነው፤ ትከሻሽ አይደለም። ቁጥሩ የዙሪያው፣ ፊደሉ የጡቱ ልክ ነው። ለምሳሌ 80 ከሆንሽ ወደ 75 ውረጂ፣ ፊደሉን ግን አንድ ጨምሪ። 80 ቢ እና 75 ሲ የሚይዙት ጡት እኩል ነው። አዲሱን ስትገዢ በጣም በሚሰፋው መንጠቆ ልክሽ ይሁን፤ ላስቲኩ ሲላላ ወደ ውስጠኛው ትቆልፊያለሽ።

የሴት ጃኬት ኪስ ለምን የውሸት ይሆናል?

ብዙ ጊዜ የውሸት አይደለም። ቅርጹ እንዳይበላሽ በክር ተዘግቶ ነው የሚሸጠው። ከውስጥ በጣትሽ ዳብሺው፤ የኪስ ጨርቅ ካለ ክሩን በትንሽ መቀስ ቁረጪ። ከሌለ ንዴትሽ ንዴቴ ነው።

ለባለቤቴ ሳትሰማ ቀሚስ ልገዛላት ነው። ቁጥሯን ግን አላውቅም።

ቁጥሯን ብታውቀውም አይጠቅምህም፤ ሁለተኛውን መልስ አንብብ። የምትወደውን፣ ደጋግማ የምትለብሰውን ቀሚስ አልጋ ላይ ዘርጋ። ከብብት እስከ ብብት፣ ከዚያ ወገቡንና ዳሌውን ከጎን እስከ ጎን ለካ፤ እያንዳንዱን በሁለት አባዛ። ሜትር ይዘህ ሱቅ ግባና እንደዚያው እየለካህ ፈልግ። ሻጯ "ሰውነቷ እንደኔ ነው?" ብላ ብትጠይቅህ አትመልስ። ደረሰኙንም አትጣል።