መልስ፦ የክራዪና ሰርቦች ከየት መጡ?

ወንድሜ፣ «ሰርቦቹ ክሮኤሺያ የገቡት በ1991ዱ ጦርነት ነው ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። በፍጹም! (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው፤ ጦርነቱም ክሮኤሺያ ከዩጎዝላቪያ ስትገነጠል የተነሳው ነው።) ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረውበታል። ክራዪና፣ ማለትም ክሮኤሺያ ከቦስኒያ ጋር የምትዋሰንበት አካባቢ፣ ስሙ ራሱ ጠረፍ ማለት ነው። ከኦቶማን ግዛት የሸሹ ኦርቶዶክሶችን የሀብስበርግ (የኦስትሪያ) ነገሥታት ድንበሩ ላይ አሰፈሯቸው፤ መሬት ሰጧቸው፣ ከባላባት ገባርነት ነፃ አወጧቸው፣ በምትኩ ወንዱ ጠመንጃውን ይዞ ቱርክን ይጠብቃል። በ1630 የሀብስበርጉ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ፈርዲናንድ በቫራዥዲን ከተማ በኩል የሰፈሩትን መብት በጽሑፍ አጸናላቸው። የወታደራዊ ጠረፉ ሥርዓት በ1881 ቀረ፣ ሰዎቹ ግን እዚያው ኖሩ።

ከዚያ በናዚ ጀርመን የተደገፉት የክሮኣት ፋሺስቶች፣ ኡስታሻዎች፣ መጡ። በ1941 እና 1945 መካከል ሰርቦችን በየመንደሩና በያሴኖቫች ካምፕ ፈጇቸው። ይህንን ሳታውቅ የ1991ዱን ፍርሃት ልትረዳው አትችልም። ይህን ስል ግን በ1991 የራሳቸውን መንግሥት አውጀው የክኒንን ከተማ ዋና ከተማው ያደረጉት የክራዪና ሰርብ መሪዎች ክሮኣቶችን ከቤታቸው ማባረራቸው መረሳት የለበትም፤ እሱም ግፍ ነው።

ኦገስት 1995 የክሮኤሺያ ጦር በ«ማዕበል» ዘመቻ ክኒንን ያዘ። ከ150 ሺህ በላይ ሰርቦች ተሰደዱ። ትራክተር ላይ ፍራሹን፣ ድስቱን፣ አያትየውን ጭነው መንገዱን ሞሉት። በ1991 ቆጠራ ከክሮኤሺያ ሕዝብ 12 በመቶ ነበሩ፣ በ2021 3 በመቶ ገደማ ብቻ ቀሩ።