መልስ፦ የእህቴ ልጅ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ በጥይት ተመቶ ሆስፒታል ነው፣ ጓደኞቹ ብቀላ እያሉ ነው፣ ምን ላድርግ?

ዛሬውኑ የሆስፒታሉን ሶሻል ወርከር ጥሪና "ዩዝ አላይቭ ከሚባለው ድርጅት ሰው ይምጣልን" በያት። ኦክላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የተመቱ ወጣቶችን አልጋቸው ድረስ ሄደው የሚያናግሩ ናቸው፣ ፖሊስ አይደሉም፣ ሰፈሩን ያውቁታል፣ ብቀላው እንዲቀር ልጁንም ጓደኞቹንም የሚያናግሩት እነሱ ናቸው። ስቴቱ ለወንጀል ተጎጂዎች የሚከፍለውን ካሳ መጠየቂያ ፎርሙንም አብረውሽ ይሞላሉ።

"ለምን የኛ ልጅ" ላልሽው እህቴ፣ ልጁ ባለጌ ሆኖ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮች ከህዝቡ 14 በመቶ ገደማ ናቸው፣ በጠመንጃ ከሚገደሉት ግን ከግማሽ በላይ እነሱ ናቸው፣ የኛም ልጆች እዛው ሰፈር እዛው ትምህርት ቤት ነው የሚያድጉት፣ ሀበሻ ነኝ ማለት ጥይት አይመልስም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ለቤተሰቦች ሳስተረጉም ደጋግሜ ያየሁት ነው፣ ልጁ ፈርቶ ለፖሊስ ቃል አልሰጥም ካለ ወይ ሪፖርቱ ላይ "ጠቡን ራሱ ጀመረ" ተብሎ ከተጻፈ ካሳው ሊከለከል ይችላል፣ በብዙ ስቴቶች ደግሞ በዚህ ሰበብ ጥቁሮች ከነጮች በበለጠ ይከለከላሉ፣ በጣም ያናድዳል። የእምቢታ ደብዳቤ ከመጣ እንዳትጥይው፣ ላዩ ላይ ያለው ቀን ሳያልፍ ይግባኝ በይ።